የአክስቴ ዓይኖች ወደ ቦታቸው ከተመለሱ በኋላ

አክስቴ ጥሩወርቅ ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ በመጣችበት ቀን፣ በመናኸሪያው ግርግር ስልኳ ጠፋ። ውጭ አገር ያለችው ልጇ መውለጃዋ ደርሷል፤ የምትደውለውም በዚያው ቁጥር ነው። ምትክ ሲም ካርድ ላስወጣላት ወደ ቴሌ ቢሮ ይዣት ሮጥኩ።

ሠራተኛው መታወቂያዋን አየ፣ ፊቷን አየ። «እናቴ፣ ይቺ እርስዎ አይደሉም።»

ፎቶውን የተነሳችው በእንቅርት ሕመም ዓይኖቿ ፈጠው በወጡ ጊዜ ነበር። በኋላ ልጇ ውጭ አገር ወስዳ አሳከመቻትና ዓይኖቿ ተመለሱ። እኔ ደግሞ ስለዚህ ሕክምና ከኢንተርኔት ያላነበብኩት የለም፤ የሚጠይቀኝ ሰው ነበር የጠፋው!

«ስማኝ ወንድሜ፣ ሰውነታችን ጀርም የሚዋጋበት ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ነገር አለው። የእሷ ተሳስቶ የገዛ አካሏን ነካ። ከዓይኗ ጀርባ ያለው ሥጋ አበጠና ዓይኗን ወደ ውጭ ገፋው። በደም ሥሯ የተሰጣት መድኃኒትም ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ግን በፋብሪካ የተሠራ።»

«በሽታውም መድኃኒቱም አንድ ነው እያልከኝ ነው?»

«ኧረ በፈጠረህ! ያኛው እንደ ቁልፍ ገብቶ እብጠቱን ያስነሳል፤ ይሄኛው የቁልፉን ቀዳዳ ይደፍናል!»

«ዶክተር፣ እኛስ ተራ አይደርሰንም?» አለ ከኋላ የተሰለፈ ሰው።

አክስቴ እጄን ጎተተችኝ። «ተው አንተ፣ ልጄ ምጥ ላይ ሆና ብትደውልስ!»

«ቆይ አክስቴ፣ ገና ስለ ቀዳዳው አላስረዳሁትም...»

ትዕግሥቷ አለቀ። ወደ እኔ ዞራ ዓይኖቿን አፈጠጠችና «ዝም አትልም!» ብላ ጮኸችብኝ።

ሠራተኛው ከወንበሩ ብድግ አለ። መታወቂያውን ከፊቷ አጠገብ ያዘና ሳቀ።

«እርስዎ ነዎት እናቴ! ይፈርሙ።»