ያለ እሳት ያሞቅኋት ክፍል

ከሁሉ አስቀድሞ ማን እንደሆንኩ ይታወቅልኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ ሱቅ በተላክሁ ቁጥር እያነበብኩ እመለስ ነበር። እንግሊዝኛውን የተማርኩት ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ላይ ከገዛሁት ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜም ቢሆን አነበው ነበር። ከአገሬ ከመውጣቴ በፊት የጥጥ መጋዘን ውስጥ መዛኝ ነበርኩ። ለንደን ስገባ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ በጽዳት ተቀጠርኩ። ሬዲዮ፣ ካውያ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ፈትቼ መልሼ ያልገጠምኩት ዕቃ የለም። በዚያ ዘመን ዊልስደን ሰፈራችን የኖረ ያገሬ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ያላወቀ ካለ አሁን ይወቅ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ባለቤቴ በሱዳን በኩል ወጥታ ተቀላቀለችኝና በብርዱ ወራት የመጀመሪያ ልጃችንን ወለደች። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ ስለመጣ በጣም ትንሽ ነበር። ከሆስፒታል የወጣነው ብዙ ከለመንን በኋላ ነው። የምንኖረው አንድ አሮጌ ቤት ላይኛው ፎቅ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር።

ያኔ እናት ከአገር ቤት መጥታ አራስ ልጇን ትንከባከባለች ማለት የማይታሰብ ነው፤ የመውጫ ቪዛ ማን ሊሰጣት? እናት የሆኑልን ከታች የሚኖሩት የአስመራ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ስለሆኑ ከእኔ የጠራ አማርኛ ይናገሩ ነበር። አገር ቤት ጦርነቱ ይነዳል፤ በእኛ ደረጃ ላይ ግን የገንፎ ሳህን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል።

የእትዬ የመጀመሪያ ትእዛዝ፣ አራሷን ንፋስ እንዳይነካት የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ላሽግ ካልኩ አሽጋለሁ። የመስኮቱን ክፍተት በጋዜጣ ጠቅጥቄ በላዩ ፕላስተር ለጠፍኩበት። የድሮውን የጭስ መውጫ በካርቶን ደፈንኩ። በሩ ሥር አሮጌ ካፖርት ጠቅልዬ አስገባሁ። የላምባ ማሞቂያችን ከማታ እስከ ጠዋት ይነዳል፤ የሕፃኑ የሽንት ጨርቅም እዚያው በገመድ ተሰጥቶ ይደርቃል። እትዬ ገብተው ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "ይሄ ነው ቤት! ዝንብ እንኳን መውጫ የላትም" አሉ።

ብርዱ ግን አልለቀቀንም። ባለቤቴ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሳ፣ ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ላምባ በጨመርኩ ቁጥር ብርዱም የሚጨምር ይመስላል። ጠዋት ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ላይ ውሃ ይወርዳል።

ሕፃናትን በየቤቱ እየዞረች የምታይ ነርስ ነበረች። አንድ ቀን መጥታ ልጁን ካየች በኋላ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ስታነሳው እጇ እርጥብ ነበር።

"ክፍሉ ረጥቧል፤ አየርም የለውም" አለችኝ። "የዚህ ልጅ ደረት ይህን አይችልም። ሰኞ እመለሳለሁ። እንዲህ ሆኖ ካገኘሁት ልጁን ወደ ሆስፒታል ነው የምመልሰው።"

ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ የገባት "ሆስፒታል" የሚለው ብቻ ነው። ነርሷ ወጥታ በሩ ሲዘጋ ልጁን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"ምን አለች?"

"ሰኞ እመጣለሁ አለች።"

"ለምን?"

"ሥራዬን ልታደንቅ።"

"አንተ ሰው፣ አሁን ቀልድ ነው የሚያምርህ? ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ወይ?"

"እኔ እያለሁ ማንም አይወስደውም" አልኳት። እንዴት እንደማደርገው ገና አላወቅሁም፤ እንደማደርገው ግን አውቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋቢውን ላጥፍ ብዬ አነሳሁት። ከበደኝ። ጥጥ መጋዘን ውስጥ የኖረ ሰው ጥጥ መርጠቡን ለማወቅ ዓይኑን አያስቸግርም፤ እጁ ይነግረዋል። የጥጡን እስር ለማክበድ ውሃ የሚረጩ ነጋዴዎችን አንድ በአንድ የምይዛቸው በዚህ እጄ ነበር። ጋቢውን ይዤ ቆሜ አሰብኩ። ማንም ውሃ አልረጨበትም። ታዲያ ከየት ጠጣ? ዙሪያዬን አየሁ። ገመዱ ላይ የተሰጣው ጨርቅ ይተናል። ማሞቂያው አጠገብ ያለው መስታወት ከሌላው ይበልጥ ያለቅሳል፤ ለካ ላምባውም ሲነድ እንፋሎት ያወጣል። የሦስታችን ትንፋሽ አለ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ በጥሩ ሙያ አሽጌዋለሁ! ሲበርደን የነበረው በእርጥብ ጥጥ ተጠቅልለን ነው።

ጋቢውን እንደያዝኩ ወደ ታች ወረድኩና፣ "እትዬ፣ መስኮቱን ልከፍተው ነው" አልኳቸው።

"የትኛውን መስኮት?"

"የእኛን።"

የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ። "አራስ ላይ? እኔ አምስት ወልጃለሁ። አንተ ስንት ወለድክ?"

"አሁን ገና አንድ።"

"እንግዲያው ዝም በል። ያ ሽፋን የሌለው መጽሐፍህ አራስ አርሶ ያውቃል?"

አልተከራከርኳቸውም። ጋቢውን ብቻ ክንዳቸው ላይ አኖርኩላቸው። "እስቲ ይመዝኑት።"

አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አደረጉት። "ታጥቦ ሳይደርቅ ነው እንዴ ያነሳችሁት?"

"ከታጠበ ቆይቷል። ሌሊት ስትለብሰው ያደረችው ነው።"

ጉንጫቸውን በጋቢው ነካ አደረጉና ፊታቸው ተለወጠ። "ይሄን ለብሳ ነው ያደረችው? ልጄን!" ጋቢውን ወንበር ላይ ጣሉና፣ "አራሷና ሕፃኑ እኔ ክፍል ይሆናሉ። ተሸፋፍነው። መስኮቱን የምዘጋው ደግሞ እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም" አሉ።

እንደዚያው ሆነ። በየቀኑ ረፋድ ላይ ባለቤቴና ልጁ ታች ይወርዳሉ፣ እኔ መስኮቱን ወለል አድርጌ እከፍታለሁ፣ እትዬ መጥረጊያ ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ንፋሱ ደረጃውን ወርዶ አራሷን የሚያገኛት ይመስላቸው ነበር። "በቃ! በቃ! እንግሊዝን በሙሉ አስገባኸው" ብለው ራሳቸው ይዘጉታል። ካርቶኑን ከጭስ መውጫው አወጣሁት። የሽንት ጨርቁን አጣጥፌ ጋራዡ አጠገብ ያለው ልብስ ማጠቢያ ቤት ወስጄ እያደረቅሁ እመለስ ጀመር።

ከዚያ ወደ አልጋው ዞርኩ። ከውጭው ግድግዳ አርቄ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጋሁት። ሰው ሁሉ ብርድ ከላይ የሚመጣ ይመስለዋል፤ እኔ ግን እጄን ፍራሹ ሥር አስገብቼ ቅዝቃዜው ከየት እንደሚመጣ አገኘሁት። ከፍራሹ በታች ጋዜጣ ደራርቤ አነጠፍኩ፤ የደረቀውን ጋቢ በአራት አጥፌ ከአንሶላው ሥር አደረግሁት። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። "ጋቢ ይለበሳል እንጂ ይነጠፋል?" ተኝታ ስታየው ግን ጋቢውን መልስልኝ አላለችም። መጋረጃውን ፀሐይ ሳትጠልቅ እዘጋለሁ። ማሞቂያውን የምለኩሰው ከመኝታ በፊት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ይጠፋል። የልጁን አልጋ ሙቅ ውሃ በተሞላ የላስቲክ ከረጢት አሞቀውና እሱን ከማስተኛቴ በፊት ላስቲኩን አወጣለሁ።

መጀመሪያ ማሞቂያውን ያጠፋሁ ዕለት ባለቤቴ እጇን ከልጁ ደረት አላነሳችም። ጠዋት ስነቃ ግን ተኝታ አገኘኋት፤ እጇ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነበር።

ሰኞ ነርሷ መጣች። እትዬ ባለቤቴ ራስጌ ቁጭ ብለዋል። ነርሷ ግድግዳውን ነካች፤ እጇን አየችው። ደረቅ ነው። የልጁን እግር ዳበሰች፣ ደረቱን አዳመጠች። ቀጥሎ ማሞቂያውን ፈለገች፤ ማዕዘን ላይ ቀዝቅዞ ተቀምጧል።

"አይሠራም?"

"ይሠራል። ሥራ ስላጣ ተኝቷል" አልኳት።

ሳቀችና ቦርሳዋን አነሳች። ልጁን አልወሰደችውም። ባለቤቴ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ወደ እኔ ዞረች። "ምን አለች?"

"ሥራህን አደነቅሁ አለች።"

በዚያ ወቅት ያደረግሁትን እነሆ፦ ሌሊቱን ሙሉ ይነድ የነበረውን ማሞቂያ አስተኛሁ። በየሳምንቱ የምሸከመው የላምባ ቆርቆሮ ወሩን እንዲያደርስ አደረግሁ። የሚያለቅስ መስታወት አደረቅሁ። ጋቢን ከላይ ወደ ታች አዛውሬ የሚስቴን ጀርባ አሞቅሁ። ከሌላው የከተማው ጫፍ፣ ከፊንስበሪ ፓርክ ድረስ እየመጡ አልጋቸውን እንድመለከትላቸው የሚጠሩኝን ያገሬን ሰዎች ቤት አደረቅሁ። ልጄን እቤቱ አስቀረሁ፤ ዛሬ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ሆኗል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አምስት የወለዱትን የአስመራ እመቤት አራስ ቤት ውስጥ መስኮት አስከፈትኩ።