የመዝገቡ መሰላልና የሰሜኑ ሐይቅ

በላስ ቬጋሱ አሊያንቴ ሠፈር ጋራዥ እያለው መኪናውን ፀሐይ ላይ የሚያሳድር ሰው ቢኖር ጎረቤቴ መዝገቡ ነው። ጋራዡን ይዞ የተጋደመው አንድ ረጅም የአልሙኒየም መሰላል ነው። በዚያ መሰላል አምፖል አልተቀየረም፣ ግድግዳም አልተቀባም። የተገዛው ዓሣ ለማጥመድ ነው።

«እስቲ አንተ ፍረድ!» ትለኛለች ባለቤቱ ብርቅታይት ባገኘችኝ ቁጥር። «በመሰላል ማንጎ ይወርዳል እንጂ ዓሣ ይወርዳል?»

ነገሩ ግን እውነት ነው። ከላስ ቬጋስ ወደ ሰሜን የሰባት ሰዓት መንገድ ተነድቶ በረሃ መካከል የተኛ ትልቅ ሐይቅ አለ። ትልልቆቹ ዓሦች ወደ ዳር የሚጠጉት በታኅሣሥና በጥር ብርድ ነው። አጥማጆቹ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሰው ውሃው ውስጥ መሰላል ይተክላሉ፤ እላዩ ወጥተው፣ በሰልፍ ቆመው መንጠቆ ይወረውራሉ። መሰላል የሌለው እስከ ወገቡ በበረዶ ውሃ ይደነዝዛል።

መዝገቡ የካዚኖ ምንጣፍ አጣቢ ከመሆኑ በፊት ዝዋይ ይኖር ነበር። ልጆች ሳለን ከጂኦግራፊ መጽሐፋችን «ዝዋይ፣ አብያታ፣ ላንጋኖ፣ ሻላ» እያልን በዜማ በሸመደድናት በዚያች ዝዋይ፣ የዓሣ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። ጀልባዎቹ በማለዳ ሲመለሱ የእንጨት ማስመሪያውን ይዞ ዳር ይቆማል፤ ቆሮሶ ከሚሉት ዓሣ ከልኩ ያነሰ ካገኘ ይወርሳል። አጥማጆቹ «ማስመሪያው መጣ!» እየተባባሉ ይሸሹት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን እሱ ራሱ አንዲት ዓሣ አጥምዶ አያውቅም።

«የሰው ዓሣ ስለካ ኖርኩ፤ አንድ የራሴን ሳልይዝማ አልሞትም» አለ ስድሳ ዓመት ሲሞላው፤ መሰላሉንም ገዛ።

በመጀመሪያው ዓመት ልጁ ሐሌሉያ ስልኳን አየችለት። «ዳዲ፣ ዌዘሩን ቼክ አድርጌዋለሁ። ዊንድ የለም፣ ሰኒ ነው፣ ፐርፌክት!»

ሄደ። ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቷል። ሁለት ቀን መሰላል ላይ ተገትሮ ዋለ፤ አንድም ዓሣ አልነካለትም። ከጎኑ ባለው መሰላል ላይ የቆመ ፈረንጅ ሽማግሌ አዘነለትና፣ እዚህ ዓሣ የሚመጣው ደመናው ሲወርድና ሞገዱ ሲነሣ ነው አለው።

«ጥሩ ቀን ማለት መጥፎ ቀን ነው ማለት ነው?» እያለ ሰባቱን ሰዓት መሪውን ሲደበድብ መጣ።

በሁለተኛው ዓመት መጥፎ ቀን መርጦ ሄደ። ቀኑ ከልክ በላይ መጥፎ ሆነ። ነፋሱ መሰላሉን ከነሰውዬው ገልብጦ ውሃ ውስጥ ጨመረው፤ ያው ሽማግሌ ጎትቶ አወጣው። አንድ ወር ሙሉ ሲስል ከረመ። ያን ጊዜ ብርቅታይት መረራት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ትሄዳለህ። ባዶ እጅህን ከመጣህ መሰላሉን ለራጉኤል እሰጠዋለሁ።» ራጉኤል ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሥራው ቤት መቀባት ነው።

ዘንድሮ በጥር፣ ሦስት ሰው ለምኖ ሺፍት ተቀያይሮ ሄደ። ነፋሱ መካከለኛ ነበር። የማጥመጃ ዘንጉ ቀለበቶች ግን በበረዶ ይደፈናሉ። በአውራ ጣቱ ይሰብረዋል፣ ይወረውራል፣ መልሶ ይደፈናል። «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብሎ ሐይቁ ላይ ጮኸ።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ክሩ ተወጠረ። ጎተተ፤ ዓሣው ወጣ። ማስመሪያውን ከኪሱ አወጣ። የሐይቁ ደንብ ከአሥራ ሰባት እስከ ሃያ ኢንች ይፈቅዳል፤ ከሃያ አራት በላይም ይፈቅዳል። በመካከል ያለው ይለቀቃል። ዓሣው ሃያ ሁለት ነበር። ጭራውን ሰብስቦ ለካው፣ ዘርግቶ ለካው፤ ሃያ ሁለት።

ዘንድሮም ከጎኑ የቆመው ያ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ሌላ የሚያይ የለም። ለዓሣው ያመጣው የበረዶ ሣጥን ዳር ላይ ተከፍቶ ይጠብቃል። ለመዝገቡ በዚያች ቅጽበት የታየው ዋለልኝ የሚባል የዝዋይ አጥማጅ ነበር። «ጋሼ፣ የጎደለው በጣት ነው፤ ልጆቼን እይልኝ» እያለ ሲለምነው ቆሮሶውን ወርሶበት ነበር።

«ሂድ! ሂድልኝ! ሁለት ኢንች ማደግ አቅቶህ ነው?» ብሎ ለቀቀው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ፣ እኔ በራፌ ላይ ነበርኩ። ራጉኤል ፒክአፑን አቁሞ መሰላሉን ይጠብቃል።

«ዓሣውስ?» አለች ብርቅታይት።

«ለቀቅኩት።»

ራጉኤል በሳቅ ፈነዳ፤ መሰላሉን ከመኪናው ጣሪያ እየፈታ፣ «ስንት ሆኖ ነው ጋሼ የለቀቁት?»

«ሃያ ሁለት። ከሃያ በለጠ፣ አይፈቀድም። ከሃያ አራት አነሰ፣ አይፈቀድም።»

«ዳዲ፣ ፎቶስ?» አለች ሐሌሉያ።

«በሁለት እጄ ዓሣ ይዤ በምኔ ላንሣ? በጥርሴ?»

መሰላሉ ፒክአፑ ላይ ተጭኖ አለቀ። ብርቅታይት ባሏን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ወንድሟን።

«አውርደው።»

«እንዴ እታለም! እያታለሉሽ እኮ ነው።»

«ዝም በል። ሊዋሽ የፈለገ ሰው ሠላሳ ይላል። ሃያ ሁለት ብሎ የሚዋሽ የት አይተሃል?» ከዚያም ወደ መዝገቡ ዞረች። «አንተም ቆመህ አትየኝ። መኪናው ጋራዥ እንዲገባ መሰላሉን ወደ ጥግ አስጠጋው።»

«ጥጉ የታለ?» አለ መዝገቡ መሰላሉን ተሸክሞ፤ ከሐይቁ ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።