የጥሩወርቅ የጠቆረ ቁጢ

ጥሩወርቅ ምክንያቱን ያላወቀችው ነገር እንቅልፍ ይነሳታል። ወፍጮ ቤት ሄዳ ዱቄቷን ትታ የሞተሩን ሆድ ዕቃ ስታይ የምትውል፣ ጎረቤት በገዛው ዕቃ ሁሉ «ይሄ ደግሞ እንዴት ነው የሚሠራው?» እያለች የምታደርቅ ሴት ናት። አባቷ በወታደርነት ተመድበው ሐረር መጡና እዚሁ ቀሩ፤ ለእሷ ያወረሷት ከጀጎል ውጭ ያለውን ቤትና በእጃቸው የቆፈሩትን የግቢውን የውሃ ጉድጓድ ነው። በዚያ ውሃ ሃያ ዓመት ሙሉ ሸዋ በር አጠገብ ቁጢ አፍልታ ሸጣለች። ለማያውቀው፣ ቁጢ ማለት የቡና ቅጠል ተፈልቶ በወተት የሚጠጣ ነው፤ ማለዳ ካልቀመሰው ሰላምታ የማይመልስ ሞልቷል።

በውሃዋ ትኮራለች። በተለይ ልጇ ልደት ካረገዘች ወዲህ፣ «የቧንቧው መድኃኒት አለበት፣ ለፅንስ አይሆንም» ብላ በየሁለት ቀኑ አንድ ጀሪካን ትልክላታለች። ልደት ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ማለዳ ቁጢው እንደ ቀለም ጠቁሮ ወጣ። የጥሩወርቅ ደም ፈላ። ጥፋተኛውን ለመፈለግ ጊዜም አልፈጀባት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቅጠል ያመጣላት የሶፊ ወረዳው ገበሬ ሙሐዲን ነዋ!

«ምን ቀላቀልክበት?» አለችው በሰው ፊት።

«አቦ ተይኝ! ወላሂ ከዚያው ከለመድሽው ዛፍ ነው የቀነጠስኩት።» ሙሐዲን ተቀይሞ ሊሄድ ተነሣና መለስ አለ። ለመንገድ የያዘውን የሶፊ ምንጭ ውሃ ከላስቲክ ጠርሙሱ ባዶ ድስቷ ውስጥ ገለበጠው። «በዚህ አፍዪው።»

አፈላችው። እንደ ድሮው ቀይ ዳማ ሆኖ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ዝም ይል ነበር። እሷ አፈረችም፣ ይቅርታም ጠየቀች፤ ዓይኗ ግን ከድስቱ አልተነቀለም። ያን ቀን ሥራዋን ትታ ከየጎረቤቱ ጉድጓድ አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀዳች፤ ሁሉንም በዚያው ቅጠል አፍልታ ብርጭቆዎቹን በየቤቱ ተራ አግዳሚ ላይ ደረደረቻቸው። የታች ሰፈሩ ቀይ ነው። ወደ ዳገቱ በተጠጋ ቁጥር እየጠቆረ ሄዶ የመጨረሻው ድፍን ጥቁር ሆነ።

ዳገቱን ወጣች። አናቱ ላይ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ዝቃጩን የሚደፋበት ጉድጓድ አለ፤ ክረምቱ ሞልቶት ዝገት የመሰለ ውሃ ከሥሩ ያዣል። እሷም በዚያ አልፋለች፣ ስንት ጊዜ! ከአጥሩ ሥር ቆማ ቁልቁል ስታይ የራሷ ቤት ቆርቆሮ ከታች ያበራል።

ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዛ ውሃ ቢሮ ገባች። ባለሙያው ኒቆዲሞስ መጀመሪያ ሳቀ፤ ነገሩን ሲሰማ ግን መሳቁን ተወ።

«የሚያጠቁረው ብረት ነው፣ እናቴ። እሱ ብቻውን ቢሆን ባልከፋ። አብሮት ምን እንደመጣ ግን ላቦራቶሪ ካላየው አይታወቅም። ውጤቱ እስኪመጣ ማንም እንዳይጠጣው። እርጉዝ ደግሞ ጠብታ አትቅመስ።»

ትሪውን እዚያው ጥላ ወጣች። እግሯ እንዴት ልጇ ቤት እንዳደረሳት አታውቅም።

«በገዛ እጄ መረዝኩሽ!» አለች በሩ ላይ፤ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት።

ልደት አንገቷን ደፋች። «እማዬ፣ እንዳትቆጪኝ። ካረገዝኩ ጀምሮ ያ ውሃ አፌ ላይ ብረት ብረት ይለኛል። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እንጂ አንዴም አልጠጣሁት። የቧንቧውን ነው የምጠጣው።»

ጥሩወርቅ ሰው ዋሽቷት እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ልጇን አቅፋ፣ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ግን ያ የማይተኛ አመሏ ወዲያው ተነሣ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጀሪካን የት አደረስሽው?»

«ጓሮ፣ ጎመኑን አጠጣበታለሁ። እንዴት እንዳማረበት አላየሽም?»

«ጎመኑንስ ማን በላው?»

ልደት ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔማ ካረገዝኩ ወዲህ ጎመን ወደ አፌ አይቀርብም» አለች ቀስ ብላ። «በየሳምንቱ የምልክልሽ እኮ ነው፣ እማዬ።»