የአማትና የአማች በር

ጁባ ውስጥ ሁለት ሥራ ነበረኝ። ቀን ቀን በስቴቱ መንግሥት መሥሪያ ቤት የቤት ፕላን እስላለሁ፤ ደሞዝ የሚከፈለኝ በዚህ ነው። ከሥራ ስመለስ ደግሞ በነፃ የአማትና የአማች መልእክተኛ ነኝ።

ጀበል ኩጁር ከሚባለው ተራራ ግርጌ ክፍል የተከራየሁበት ግቢ የአንዲት መበለት ነበር። ማማ ነው የምላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተኩሱ ሲበረታ ሴት ልጃቸው ከነባሏ ሸሽታ መጥታ እዚያው ግቢ ጎጆ ቀለሱ። በሕዝባቸው ልማድ አማት ከልጇ ባል ጋር አትተያይም፤ ሊያያት በሚችልበት ቦታ ሆናም አታናግረውም፤ በአንድ በርም አትገባም። ነውር ነው፤ ለእነሱ ደግሞ መከባበርም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ነው ያልኩት። በመካከላቸው አጥር ቢኖርም የሣር ነውና ያሳያል፤ ስለዚህ ወሬው ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። ማማ ከወዲህ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ «ጀሪካኔን ይመልስ በለው» ይሉኛል። እሱ ከወዲያ እየሰማ ዝም። እኔ እደግመዋለሁ። «ነገ እመልሳለሁ በላቸው» ይለኛል። እሳቸውም እየሰሙ እስክደግመው ይጠብቁኛል። ርቦኝ ስገባ የሚቀበለኝ የጀሪካን ጉዳይ ነበር፤ ስንቴ ተናድጃለሁ መሰላችሁ።

በ2017 ስቴቱ አቅም ለሌላቸው ነዋሪዎች የቤት ፖሊሲ የሚያወጣ ኮሚቴ አቋቋመ። የጀበል ግርጌ ጎጆዎች ተነሥተው በየይዞታው አንዳንድ ርካሽ የብሎኬት ቤት ይሠራል ተባለ። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ጣሪያ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ በር። የብረት በር ከውጭ ስለሚመጣ ውድ ነው። እንደታዘዝኩት ሳልኩ።

ፕላኑን ቤቴ ወስጄ ስጨርስ ማማ መጥተው አዩት። የእርስዎም ቤት እንዲህ ነው የሚሆነው አልኳቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን ሰምተው አላመኑኝም፤ ደግመው ጠየቁኝ። ከዚያ ጣታቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

«እሱስ በየት ይገባል?»

«በዚሁ ነው፣ ማማ።»

ጣታቸውን አነሡ። «ኸላስ፣ በቃ። እኔ ገጠር ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።»

ልጃቸው እርጉዝ ነበረች፣ የመጀመሪያዋን። እናቷ ከሄዱ አጠገቧ የሚሆን ሴት ዘመድ የላትም። ወደ ወንድማቸው መንደር የሚወስደው መንገድ ደግሞ ሰው የሚገደልበት ነበር። ቤት እንሰጣለን ብለን ቤተሰብ ልንበትን ነው ብዬ ተቃጠልኩ።

የሚቀጥለው ስብሰባ አማራት በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የአገሬ ሰው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ፕላን እንዲስል የተቀጠረ ሰው ስብሰባ ላይ አይናገርም። እኔ ግን እጄን አወጣሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ክቡር ሰብሳቢ፣ ከዚህ ከተቀመጡት ውስጥ ከአማቱ ጋር በዚህ በር የሚገባ ማነው?»

ፕላኑን እንደ አዲስ ያዩት ጀመር። ሁሉም የዚያው አገር ሰዎች፣ ሁሉም አማት ያላቸው ናቸው። ለራሳቸው ቢሆን መጀመሪያ የሚያዩት በሩን ነበር፤ ቤቱ የሌላ ሰው ሆነና አለፉት።

«ኢንጂነር፣ በጀቱ የአንድ በር ነው» አሉኝ ሰብሳቢው። ኢንጂነር አይደለሁም፤ እዚያ እርሳስ የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው። «ቤቱ እኮ ለድሃ ነው።»

«ድሃ አማት የለውም?» አልኩ፣ ምላሴ ቀድሞኝ። ተባረርኩ ብዬ ነበር።

ዳር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እኔ በዚያ በር ከምገባ ዝናብ ቢመታኝ ይሻለኛል» አሉ። ሌሎቹም ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ መነጋገሪያ የሆነው። የብረቱን በር ትተን በአገሩ የቲክ እንጨት ብናሠራ በአንዱ ዋጋ ሁለት ይወጣል አልኳቸው። ክፍሎቹ መሐል ድፍን ግድግዳ ገባ፤ በሮቹም አንዱ በፊት፣ አንዱ በጀርባ ሆኑ።

ፖሊሲው ጸደቀ። ገንዘቡ ግን አልመጣም፤ የእኛ ደሞዝ እንኳ በስንት ልመና ነበር የሚወጣው። ጎጆዎቹም አልተነሡ፣ ማማም አልሄዱ። አንድ ቀን አማችየው ከአጥሩ ወዲያ፣ «የዚያ ቤት ትርፍ ኮፒ አለህ?» አለኝ። ሰጠሁት። በጭቃ ጡብ፣ አንዳንዴም እያቆመ፣ በ2018 ጨረሰው። የማማ በር ወደ መንገዱ፣ የእሱ ወደ ተራራው ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ በዚያ ፖሊሲ የተሠራ ቤት ያ ብቻ ነው።

በገቡ ሰሞን ከሥራ መጥቼ እንደልማዴ አጥሩ ጋ ቆምኩ። የጠራኝ የለም። በአባቷ ክፍል ሕፃኗ ታለቅሳለች። ማማ በራቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ግድግዳው ዞረው ጮኹ።

«ልጅቷን አንሣት እንጂ!»

ልደግምለት አፌን ስከፍት ከግድግዳው ወዲያ ድምፁ መጣ።

«አንሥቻታለሁ፣ ማማ።»