የሰባተኛዋ ቱቦ ቀይ ክር

እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2011። ኢንዱማቲ ሳብኒስ በሕንዷ ፑኔ ከተማ ባለው ቤተ ሙከራ መዝገብ ላይ የጻፉት የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሰባተኛ ናሙና። ሴሎቹ የተሰበሩት አምስት ሰዓት ከአሥር። ማጥመጃው የተጨመረው»። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ባዶ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ሊጥዱ ሲሉ ልባቸው ቆመ። መዝገቡን በያዙበት ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሳይሞላ የቀረ ቦታ ይህ ብቻ ነው።

ኬታኪ ባርቬ፣ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዋ፣ ያንን ባዶ ቦታ ለሦስት ሳምንት አፍጥጣ አየችው።

ኢንዱማቲን ሁሉም «ታይ»፣ ታላቅ እህት፣ ይላቸዋል። ባላቸው ሲሞት ከሳታራ ከተማ የመጡት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ብርጭቆ በማጠብ ጀመሩ፤ ዲግሪ ሳይኖራቸው ዲግሪ ያላቸውን አስተማሩ። መዝገብ ላይ የሚጽፉት የሆነውን ብቻ ነው፤ ሊሆን የታሰበውን ጽፈው አያውቁም።

የኬታኪ ሥራ አንዲት አፍታ ብቻ በምትቆይ ነገር ላይ ነበር። ፕሮቲን ውስጥ ሲስቲን የሚባል አካል አለ፤ ጫፉ ላይ ድኝ አለው። ሴል መልእክት ሲደርሰው ጥቂት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይሠራል፤ ያ ድኙን ሲነካው ድኙ አንድ ኦክስጅን ይሸከምና ሰልፈኒክ አሲድ ይሆናል። መልእክቱ የሚያልፈው በዚህ ነው። ግን ወዲያው ይለወጣል። ስለዚህ ዳይሜዶን የተባለ ዱቄት ሴሎቹን በሚሰብረው ፈሳሽ ውስጥ ቀድሞ ይጨመራል፤ ሰልፈኒክ አሲዱን እንደተገኘ ያጠምደዋል። ማጥመጃው ከዘገየ የተሰበረውን ሴል አየር ራሱ ያገኘዋል፤ ያኔ መልእክቱ የሴሉ ይሁን የአየሩ የሚለይ የለም።

ስድስቱ ናሙናዎች ፐሮክሳይድ ተሰጥቷቸው ምልክት አሳዩ። ሰባተኛዋ ምንም አልተሰጣትም፤ ባዶ መሆን ነበረባት። እሷም አሳየች። ሴሎቹ ከአንድ በጎ ፈቃደኛ ደም የተለዩ ናቸው፤ ሰውየው አገር ለቋል፣ ዳግም አይገኙም።

አማካሪዋ ፕሮፌሰር ፋድኒስ ግራ መጋባቷ ሰለቻቸው።

«ታይ ሁልጊዜ አስቀድመው ነው የሚጨምሩት። ‹ከመሰበራቸው በፊት› ብለሽ ሙዪና ገላግዪን።»

«እንደዚያ ከጻፍኩማ ሰር፣ ያልተነካው ሴልም ምልክት አለው ማለት ነው። አራት ዓመቴ ገደል ገባ።»

«እንግዲያው ‹በኋላ› በያ!»

«እሱንም አላየሁም።»

«ምኑንም ካላየሽ ጣያት። ስድስት ናሙና አለሽ።»

«መመዘኛዋ እኮ እሷ ናት ሰር። ያለሷ ስድስቱ ከምን ይበልጣሉ?»

ሌላም የማይገባት ነገር ነበር። በቤተ ሙከራው ልማድ ማጥመጃ የገባበት ቱቦ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበታል። ኬታኪ በዋዜማው ሰባቱንም በእጇ ማሰሯን ታስታውሳለች። አሁን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሉት ስድስቱ ክር አላቸው፣ ሰባተኛዋ የላትም። ቱቦ ተለዋውጦ ይሆን? ወይስ ያሰረች መስሏት ነው? አንድ ቀን አንዱን ታምናለች፣ በማግስቱ ሌላውን። የቁርሷን የሩዝ ፖሃ እያላመጠች ቱቦ ትቆጥራለች፤ እናቷ ስለ ወንድሟ ሰርግ ስትነግራት እሷ ስለ ክር ታስባለች።

በአራተኛው ሳምንት ዳይሜዶን ልታወጣ ኬሚካል መጋዘን ሄደች። የመጋዘኑ ሽማግሌ ሺርኬ፣ ሁሉም «ካካ»፣ አጎት፣ የሚላቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ገና ባለፈው ወር ወሰዳችሁ እኮ! ትልሱታላችሁ እንዴ?»

«ማን ወሰደ ካካ?»

«ታይ ናታ። በዚያ ዝናብ። ‹ካካ፣ ቶሎ በል፣ በረዶ ላይ ያስቀመጥኩት አለ› እያለች አዋከበችኝ። እኔም፣ ‹አንቺ? ዕቃ እስኪያልቅ የምትጠብቂ? እርጅና ነው› አልኳት።»

«ምን አሉ?»

«‹ያረጀሁትስ አርጅቻለሁ፣ የጨረሰው ግን ሌላ ነው› አለች። ማነው ብላት፣ ‹ልጅቷን ሳልጠይቅ አልናገርም፣ አልጽፍምም› ብላ ሄደች።»

የወጪ ደብተሩን ገለጡላት። ጁን 14፣ ዳይሜዶን፣ አንድ ጠርሙስ፣ አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት። ፊርማ።

ኬታኪ ሰዓቱን ደግማ አነበበች። ያ የዋዜማ ምሽት አሁን መጣላት። ጊዜ ለመቆጠብ ብላ መጀመሪያ ሰባቱንም ክር አሰረች፤ ከዚያ ዱቄቱን መመዘን ጀመረች። ስድስተኛው ላይ ጠርሙሱ አለቀ። ያኔ እናቷ ደወለች፤ ለሰርጉ የሚለበሰው ሳሪ ቀለም። እያወራች ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ታይ በመጀመሪያው ሳምንቷ ምን ብለዋት ነበር? «አንቺ ልጅ፣ ሳይወለድ ስም የምታወጪው ለማን ነው? መጀመሪያ ጨምሪ፣ ከዚያ እሰሪ!»

ታይ ክሩን አምነው ሴሎቹን ሰበሩ። የጠርሙሱን ቁጥር ሊመዘግቡ ሲያነሡት ባዶ ሆነባቸው፤ ሰባተኛዋ ሳይደርሳት እንዳለቀ ገባቸው። ክሩ ዋሽቷልና ቆርጠው ጣሉት። ተቆጥተው ይሁን ስቀው፣ ኬታኪ እስከዛሬ አታውቅም።

ወደ መዝገቡ ተመልሳ የታይን መስመር ሳትነካ ከሥሩ በራሷ እጅ ጻፈች፦ «ከተሰበሩ በኋላ፤ ከአምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ወዲህ፣ ደቂቃው አይታወቅም። ክሩን ያለ ማጥመጃ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሰባተኛዋ መመዘኛ ልትሆን አትችልም። ኬ. ባርቬ።» ይህ የሌላ ፈቃደኛ ደም፣ ሌላ ዓመት ማለት ነበር።

በዚያ የጁን 14 ማክሰኞ ረፋድ ኢንዱማቲ ሳብኒስ ሰባተኛዋን ቱቦ በረዶ ውስጥ ቀበሩ፣ ጃንጥላቸውን አነሡ፣ ግቢውን በዝናብ አቋርጠው መጋዘን ገቡ። ፈርመው አንድ ጠርሙስ ተረከቡ፣ እንዳይረጥብ በሳሪያቸው ጫፍ ጠቀለሉት፣ አምጥተው ለሰባተኛዋ ጨመሩላት፣ ቀሪውን መደርደሪያው ላይ ከቦታው አኖሩት።