የሼህ ይማም ኮምፒውተርና ኃይለኛው አንቲቫይረስ

ከጦርነቱ በኋላ መብራት ከተመለሰ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። መርሳ ያለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ በር ላይ ሰው ተሰልፏል... ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው፣ ከዘረፋ ያተረፈውን ላፕቶፕ ይዞ የመጣው። እኔም ያን ሰሞን ልቤ አብጦ ነበር። ሌሎቹ ጠጋኞች ከሸሹበት ስላልተመለሱ ሁሉም «እህቴ፣ እባክሽ» ነው የሚለኝ።

ሼህ ይማም ከጎረቤት ከተማ ከግራና በባጃጅ መጡ። የአባቴ ወዳጅ ናቸው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። የቤታቸውን ኮምፒውተር በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈውታል።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ሁላችሁም ደህና ወጣችሁ?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ። አንቱስ?»

ታጣቂዎች ቤታቸው ገብተው ሰንብተው ነበር። ያኔ መብራት ገና ስላልጠፋ ፍላሽ እየሰኩ ዘፈን ያዳምጡበት ነበር አሉኝ። ታጣቂዎቹ ቤቱን ለቀው ሲወጡ ሼሁ ሌላ ዘራፊ እንዳይወስደው ኮምፒውተሩን በማዳበሪያ ከረጢት አስረው ጎተራ ውስጥ፣ ማሽላ ስር ቀበሩት። እኔ ስከፍተው ከውስጡ እፍኝ የሚሞላ ማሽላ ወጣ። አብረን ሳቅን።

«ውስጡ የአባቴ መንዙማ አለ» አሉኝ ቀጥለው።

አባታቸውን አውቃቸዋለሁ። እሳቸው መንዙማ ሲሉ ያላለቀሰ ሰው አላየሁም። መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ ስኳራቸው ተነስቶ ሞቱ። ድምፃቸውን የቀዳው የሼህ ይማም ልጅ ነው፣ የቀዳበትን ስልክ ግን ሲሸሽ መንገድ ላይ ተነጠቀ። ድምፁ የቀረው እዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

«የዚያ ሁሉ ሰው ፍላሽ ገብቶበታል። የሚጠብቀው ነገር አስጭንበት አሉኝ። የቱ ይሻላል?»

ፍላሼ ላይ ሦስት አንቲቫይረስ ነበረኝ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ ምልክት ያለው። ሦስቱም ከጦርነቱ በፊት ከደሴ የተገለበጡ ናቸው። ኔትወርክ ስላልነበረ አንዳቸውም አልታደሱም። ይሄን ለሼሁ አልነገርኳቸውም።

«ቀዩ ነው ኃይለኛው» አልኳቸው።

«ኃይለኛስ በቃን ልጄ... ያለውን ሳይነካ የሚጠብቅ የለም?»

ሳቅኩባቸው። አዎ፣ ሳቅኩባቸው... «ሼህ ይማም፣ ይሄ እኮ በዱዓ አይጠበቅም» ብዬ ሁሉ ቀለድኩ። ወረፋ የያዘው ሰውም አብሮኝ ሳቀ። እሳቸው ፈገግ ብለው «እሺ፣ ብቻ መጀመሪያ የአባቴን ድምፅ ሌላ ቦታ ገልብጪልኝ» አሉ።

ልገለብጥ ስል ፎልደሩ አልከፈት አለኝ። «ቫይረስ ይዞታል፣ መጀመሪያ ይጽዳ» ብዬ ቀዩን ጫንኩ። ፈተሸ ፈተሸና ስክሪኑ በማስጠንቀቂያ ተሞላ። «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ተጫንኩ... ዲስኩ ባዶ ሆኖ ቁጭ አለ። ክው አልኩ። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ «አላውቅም» ማለት ሞት መሰለኝ።

«ቫይረሱ በልቶታል» አልኳቸው።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፣ ሰው እንደሞተባቸው፤ ወንበሩ ላይም ቁጭ አሉ።

እኔ ግን እዚያ ላይ አላበቃሁም። ዲስኩን ጠራርጌ ፎርማት አደረግኩት። ማባበያ እንዲሆናቸው ብዬም ዲስኩን በሌሎች ሰዎች መንዙማና በልጆች ፊልም ጢም አድርጌ ሞላሁላቸው። ሲወጡ መርቀውኝ ሄዱ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ አስተማሪ ያው ችግር ያለበት ፍላሽ አመጣ። ጨነቀኝና አብሮኝ ለተማረ፣ አሁን ወልድያ ጥገና ለሚሠራ ጓደኛዬ ወሰድኩለት። እሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አንዲት ቦታ ላይ ምልክት አደረገ... ጠፉ የተባሉት ፎልደሮች በሙሉ ብቅ አሉ።

«ይሄ ቫይረስ እኮ አይበላም፣ ይደብቃል። ትክክለኛውን ደብቆ የራሱን አስመሳይ ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ክፍል ውስጥ ተምረነው የለ እንዴ?»

«ፎርማት ከተደረገስ?» አልኩት።

«ሌላ ነገር ካልተጫነበት አብዛኛው ይወጣል።»

እኔ ደግሞ ቦታ እስኪጠፋ ጭኜበታለሁ። ከወልድያ እስከ መርሳ ሚኒባስ ውስጥ በሻርፔ ተሸፋፍኜ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሼህ ይማምን ገበያ ላይ ሳያቸው መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

ትናንት ግን ግራና ሄድኩ። ደጃቸው ላይ የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ አገኘኋቸው። ገና አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«እንኳን መጣሽ። ጠፋሽብኝ እኮ። በአባቴ ድምፅ የተነሳ አፍረሽ ከሆነ ተይው፣ አንቺ ምን ታደርጊ። እነዚያ ቤቴ ያረፉት ናቸው ያበላሹት። ስረግማቸው ከርሜ በረመዳን አፉ አልኳቸው፣ ይቅር አልኩ።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ሼህ ይማም፣ እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ» አልኩ። አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው... ድምፁ ተደብቆ እዚያው እንደነበረ፣ በገዛ እጄ እንዳጠፋሁት፣ ሳላውቅ ያወቅሁ መስዬ እንደዋሸኋቸው።

ሙስበሃው እጃቸው ላይ ቆመ።

«የማላውቃቸውን አፉ ማለት ቀሎኝ ነበር» አሉ። «አንቺን ግን አውቅሻለሁ።»

ልነሳ ስል «ወዴት ነው? ምሳ ሳትበይማ አትሄጂም» ብለው ወደ ቤት አስገቡኝ። አንድ ትሪ ላይ አብረን በላን። ሥጋውን ወደ እኔ እየገፉ አበሉኝ፣ የቤት ሰዎቼን አንድ በአንድ እየጠሩ ደህንነታቸውን ጠየቁኝ፣ እስከ ባጃጅም ሸኙኝ።

አፉ ብዬሻለሁ ግን አላሉኝም... ያ ምሳ እስካሁን አልወረደልኝም።