ይቆይ ያልኩት እኔ አልነበርኩም

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። በየዓመቱ ሌላ ሌላውን፣ ቁጣዬን፣ መጠጤን፣ ጾም መሻሬን ዘርዝሬ ይህችን አንዷን ከምላሴ ሥር ይዣት እመለስ ነበር። አሁን በነገሩ የሚጎዳ ሰው በሕይወት የለም። ስለዚህ አንተ የማላውቅህ አንባቢ ስማኝ። ልትፈታኝ አትችልም፤ ብቻ ስማኝ።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ፤ እኔን ካላወቅኸኝ ጥፋቴን አታውቀውም። ማንደፍሮ እባላለሁ። ማንም አላስተማረኝም። በልጅነቴ አንድ ጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ጠጠር ተሸካሚ ሆኜ ገባሁና አርማታን በዓይኔ እየሰረቅሁ ተማርኩ። ፊደልንም ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ እየለቀምኩ ነው ያወቅሁት። አሸዋ በመዳፌ ጨብጬ ጭቃ ይኑረው አይኑረው እነግርህ ነበር። የተቦካውን በአካፋ አንዴ ስገለብጠው ውሃው መብዛቱን አውቃለሁ። መሐንዲሶች ፕላናቸውን በብብታቸው ሸጉጠው «ጋሽ ማንደፍሮ፣ እስቲ ይችን ይዩልን» ይሉኝ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ብል እዋሻለሁ። ኮርቼበታለሁ፤ ዛሬም እኮራበታለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ምሥራቅ ቦታ ተመሩ። ዛሬ በመስታወት የተለበጡ ፎቆች የቆሙበት ያ ሁሉ መሬት ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ያወልቃል። ፎርማን ሆኜ የገባሁት እኔ ነኝ። አናጢው ደግሞ ተካ ነበር። ከተካ ጋር ከጣሊያኑ ጊዜ ጀምሮ አብረን ሠርተናል። እሱ ሣንቃውን ይመታል፣ እኔ አርማታውን እሞላለሁ። ያለ እሱ ሥራ ይዤ አላውቅም።

ሰኔ ላይ ስብሰባ ተጠራ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ከቤቶቹ አንዱ ለአብዮት በዓል ተጠናቆ ይመረቅ የሚል ትእዛዝ ከላይ እንደመጣለት ተናገረ። ቤቱ ፎቅ ነው፤ የፎቁ ወለል፣ እኛ ሶሌታ የምንለው፣ ገና አልተሞላም። ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ አየኝና «በክረምት አርማታ ይሞላል ወይስ አይሞላም?» አለ።

ምን ማለት ነበረብኝ? አይሞላም ማለት ነበረብኝ። የአዲስ አበባን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን ዝናብና ፀሐይ የማታይበትን ሳምንት የሚያውቅ ሰው መስቀል ይለፍ ይላል። እኔ ግን ሕዝብ ፊት ተነሣሁና «ማንደፍሮ ከሞላው ይሞላል» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

ስንወጣ ተካ ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ዝናቡንም ስብሰባ ልትጠራው ነው?»

«ዝናቡን አውቀዋለሁ» አልኩት።

«አንተስ ታውቀዋለህ። እሱ ያውቅሃል ወይ?»

ሞላነው። ጠዋት ጀምረን ሳንጨርስ ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡ ገና ባልጠነከረው አርማታ ላይ ወረደበት። ከረጢትና ጆንያ አለበስነው፤ ምን ያደርጋል? የሲሚንቶው ውሃ በሣንቃው ጠርዝ ግራጫ ሆኖ ሲንጠባጠብ ቆሜ አየሁ። ዓይቼ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ኃጢአቴ። ሶሌታ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች፣ ፑንቴሎ እንላቸዋለን፣ ደግፈውት ነው የሚደርቀው። በበጋ በስንት ቀን እንደሚነቀሉ አውቃለሁ። በክረምት ብርዱና እርጥበቱ ስለሚያዘገየው እጅግ መቆየት እንዳለባቸውም አውቃለሁ። የሚቀጥለው ቤት ግን ቋሚ ይፈልግ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ጠፍቷል፤ ሊቀመንበሩም በየዕለቱ ይመጣል። በመዶሻ ሶሌታውን መታሁት። ድምፁ የደረቀ አርማታ ድምፅ አልነበረም። ይህን ልብ በል። ሳላውቅ አይደለም። አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልሸሽ ያ የምኮራበት እውቀቴ አስሮ ይዞኛል።

«ንቀለው» አልኩት ተካን።

«ይቆይ፣ ማንዴ» አለኝ።

«ንቀል አልኩህ።»

«አዛዡ አንተ ነህ» አለና ነቀለ።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛው ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ዳቦና ሻይ ሲቀምስ ሶሌታው ወረደ። እንደ ዛፍ ተገንድሶ አልወደቀም፤ እንደ ደከመው ሰው ወገቡን ለቆ ተቀመጠ። ማንም ከሥሩ አልነበረም። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ወዲያው ስለ ስሜ ማሰብ ጀመርኩ።

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚሉት ቃል ነበር። ሲሚንቶ በኮታ ነው፣ የሰፊው ሕዝብ ነው፤ ያን ያባከነ ሰው ተሳሳተ አይባልም፣ አሻጥር ሠራ ይባላል። ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው ደግሞ ከቤቱ ይወሰዳል። ቀበሌ አዳራሽ ጠሩን፤ ለየብቻችን አስገቡን። ተካ ቀድሞኝ ገባ። «እኔ ነቀልኩ፣ የቀረውን ማንደፍሮ ያስረዳችኋል» ብሎ እንደወጣ ኋላ ሰማሁ። በበሩ ሲያልፍ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ለእኔ ብሎ ነው ዝም ያለው፤ እውነቱን ከእኔ አፍ ቢሰሙት ይሻላል ብሎ ነው።

ገባሁ። «እንዲነቅል ያዘዝከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ይቆይ ብዬ ነበር» አልኩ።

ይኸው። ይህችን ነው ያልኩት። ሌላ ውሸት ጠፍቶኝ ነበር? የሱን ቃል ከአፉ ወስጄ ለራሴ አደረግሁት። ይቆይ ያለው እሱ ነው፣ ንቀል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ግን እኔ ይቆይ ብዬ ነበር አልኩ።

«ታዲያ ለምን ቸኮለ?» አለ አንደኛው።

«እንጃ» አልኩ።

ከውሸቴ ይልቅ ያቺ እንጃ ናት የበላችው። የቸኮለበትን ምክንያት ራሳቸው ሞሉት። ተካን በዚያው ዕለት ወሰዱት።

ሚስቱ አስካለ ሰፈሬ ድረስ መጣች። የሚበላ በአገልግል ይዛ ከእስር ቤቱ በር እየተመለሰች ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎን ይሰማሉ። አንድ ቃል ይናገሩለት» አለችኝ።

«ተናግሬያለሁ፣ አስካለ። አልሰሙኝም» አልኳት።

እጄን ሳመችው። ይህን እጅ። ከዚያ ወዲያ ጤፍ ስወስድላት፣ የቤቷን ጣሪያ ስጠግንላት፣ ለጎረቤት «ወንድሜ ነው» እያለች ታወራልኝ ነበር። እኔም እቀበል ነበር።

ሶሌታውን እንደገና ሞላሁት፤ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ። ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁት፣ ፀሐይና ነፋስ ቶሎ እንዳያደርቁት እርጥብ ጆንያ አለበስኩት፣ ቋሚዎቹን ማንም ሳይጎተጉተኝ አቆየኋቸው። አሁን የሚያጣድፈኝ አልነበረም። አሻጥረኛው ተይዟል፤ ጊዜ ተሰጠኝ። ቤቱ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ሂደህ እይ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አታገኝበትም። እንዲያ አድርጌ መሥራት ስችል ነው ሰውን የጨረስኩት። ቤት የምታሠራ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርህ፤ በክረምት እሞላልሃለሁ የሚልህን ባለሙያ የሠራቸውን ቤቶች ብቻ አትጠይቀው፣ የሚፈራው ነገር እንዳለ ጠይቀው። እኔ የምፈራው ነገር አልነበረኝም።

ተካ ዓመታት ቆይቶ፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ተለቀቀ። ሳንባው አልቆ፣ ጣቶቹ መዶሻ የማይጨብጡ ሆነው መጣ። ልጠይቀው ሄድኩ። አስካለ «ያ ወንድምህ መጣ» ብላ አስገባችኝና ጎረቤት ጋ ወጣች።

ተካ ግድግዳውን እያየ ተናገረ። «ምርመራ ላይ አንብበውልኛል። ይቆይ ብለህ ነበር አሉ።»

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«ቃሉ የኔ ነበር» አለ። «ደህና አድርገህ ነው የያዝከው፣ አንዲት ፊደል አልጣልክም።»

«ተካ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አልልህም።» ሳል ያዘው። «ግን ለአስካለ እንዳትነግራት። ከሰው የቀረኝ እሱ ነው ትላለች። ይህንንም ነጥቀሃት እንዳትሄድ።»

አልነገርኳትም። ያዘዘኝን ፈጸምኩ ልበል? ወይስ ዝምታው ለእኔም ስለተመቸኝ ነው? እንጃ። ያቺ ቃል አሁንም ትመጣልኛለች።

ተካ የሞተው በሐምሌ ነው። ከቀብሩ በኋላ አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች አጠገቤ ቆመች። «ጋሼ፣ መቃብሩን በአርማታ ይሥሩልኝ። ከእርስዎ ሌላ ማን እጁን ያሳርፍበታል? ለአርባው ይድረስልኝ» አለችኝ።

ዝናቡ ትኩሱን አፈር ያሰምጠው ነበር።

«ይቆይ፣ አስካለ» አልኳት። «ክረምቱ ይውጣ።»

«እርስዎ ካሉ ይቆይ» አለች።

ያን ቃል በእውነት የተናገርኩት ያኔ ነው፤ ለሞተ ሰው። ክረምቱ ሲወጣ ሞላሁት። ውሃውን ራሴ እየተመላለስኩ አጠጣሁት። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በየክረምቱ ማግስት እየሄድኩ ጎንበስ ብዬ እመረምረዋለሁ፤ ቢሰነጠቅ ደስ ይለኝ ነበር። አልተሰነጠቀም።

አምና አስካለም ከጎኑ ተቀበረች። እስከ መጨረሻው ትመርቀኝ ነበር።

እንግዲህ ሰማኸኝ። ዘመኑ ነው አልልህም፤ ዘመኑ መዶሻዬን አልያዘውም፣ ዘመኑ እንጃ አላለም። ይቅርታም አልለምንህም። ሊሰጠኝ የሚችለው ሰው አልልህም ብሎኝ ሄዷል። አንድ ቃሉን ወስጄበታለሁ። ይህኛውን አልወስድበትም።